ሕጉ ፖሊስንም ይመለከታል

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይደነግጋል። ድንጋጌው ከባድ ፈተና የገጠመው በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግስት ነበር። ከተክለ ሃይማኖት አጠገብ ያለውን መርካቶን ጨምሮ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በተነሣው ተቃውሞ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ምክር ቤቱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አስታውቋል።

የተቃዋሚ መሪዎች ተከስሰው እስከ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ በኋላም በይቅርታ ተፈቱ። ለሲቪሎቹ ሞት ግን በይፋ ለፍርድ የቀረበ የፖሊስ አዛዥ አልታየም። የኮሚሽኑ ሪፖርት የኃይል እርምጃው ተመጣጣኝ ነበር ቢልም፣ ከአገር የወጡት የቀድሞ ሰብሳቢና ምክትላቸው አብዛኛው አባል ተቃራኒውን ወስኖ እንደነበር ተናግረዋል።

ገበሬም ሆነ ከተሜ በፖሊስ ሲበደል አቤቱታውን የሚመረምረው ራሱ ፖሊስ ከሆነ፣ እኩልነቱ በወረቀት ይቀራል። መፍትሔው ከተቋሙ ውጭ የሆነ መርማሪ ነው።