የኤጀንሲ ነርስ ነጻነት የማን ነው?

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ሐበሻ ነርሶች በተገናኙበት ሁሉ አንድ ወሬ አይቀርም፤ ሆስፒታል በቋሚነት የቀጠራት በሰዓት ስንት ታገኛለች፣ በኤጀንሲ የመጣችውስ? ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ተመሳሳይ ሕመምተኞች ይዘው 12 ሰዓት ሙሉ ይቆማሉ፤ የኤጀንሲዋ ግን አብዛኛውን ጊዜ የበለጠ ይዛ ትወጣለች። በዚያ ላይ «ስፈልግ እሠራለሁ፣ ሳልፈልግ አልሠራም» የሚባለው አለ። ኮሮና በበረታበት ሰሞን ከግዛት ግዛት እየተዘዋወሩ የሚሠሩ ነርሶች በሳምንት ከ5,000 ዶላር በላይ የተከፈላቸው ጊዜ ስለነበር፣ የዚያ ዘመን ዝና እስከ ዛሬ ሰው ወደ ኤጀንሲ ይስባል።

እኔ ግን ያ ብልጫ ጉርሻ ነው ብዬ አላምንም። ነርሷ ሳታስተውል የሸጠቻቸው መብቶች ዋጋ ነው። ነጻነቱም ቢሆን የሚሠራው የቀረበላትን ሺፍት እምቢ ማለት ለምትችል ብቻ ነው፤ ስደተኛዋ ነርስ ደግሞ እምቢ ለማለት አቅሙ የሚያጥራት ብዙ ጊዜ ነው።

ሆስፒታሉ ለኤጀንሲው የሚከፍለው ለነርሷ ከሚደርሳት ይበልጣል። ይህን ወጪ የሚችለው በከንቱ አይደለም። አልጋው ሲሞላ ነርስ ይጠራል፤ አልጋው ሲጎድል ሺፍቱን ይሰርዛል። ሕመምተኛ መብዛቱና ማነሱ ድሮ የሆስፒታሉ ጭንቀት ነበር። በኤጀንሲ በኩል ግን ጭንቀቱ ወደ ነርሷ ይዞራል። ዩኒፎርሟን ለብሳ ልትወጣ ስትል «ዛሬ አትምጪ» የሚል መልእክት ሲደርሳት፣ የያዘችው ሺፍት ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ይቀራል።

ሕጉ ውስጥ ሲገባ ክፍተቱ ይሰፋል። በ1993 የወጣው የአሜሪካ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ፣ ወላጅ በጠና ሲታመም እስከ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ አስታምሞ ወደ ሥራ መመለስን ይፈቅዳል። መብቱ የሚገኘው ግን ለአንድ ቀጣሪ በድምሩ 12 ወር ለሠራና ባለፈው አንድ ዓመት 1,250 ሰዓት ለሞላ ነው። ጥቂት ዶላር ጭማሪ ፍለጋ ኤጀንሲ የምትቀያይር ነርስ በሄደች ቁጥር ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምርባታል። ደሴ ያለች እናቷ ስትታመም ከመሄድ የሚያግዳት የለም፤ ስትመለስ ግን ሥራው ይጠብቃት እንደሆነ ዋስትና የላትም። የሜሪላንድም ነገር ያው ነው። ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የግዛቱ ሕግ ለሠራተኛ በየ30 ሰዓቱ የአንድ ሰዓት የሕመም ፈቃድ ቢሰጥም፣ ጊዜያዊ ሠራተኛ የሚያቀርቡ ኤጀንሲዎች ወደ ሌላ ድርጅት የሚልኳቸውን ሠራተኞች፣ የዕለት ሥራቸውን ኤጀንሲው ራሱ የማይመራ ከሆነ፣ ከሕጉ ውጭ ያደርጋቸዋል።

ኦቨርታይም ላይ ያለው ጉድ ደግሞ ብዙዎቻችን ልብ የማንለው ነው። በፌዴራሉ ሕግ አንድ ቀጣሪ ዘንድ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ የሠራ ለትርፉ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈለዋል። አንዷ ነርስ በአንድ ኤጀንሲ 24፣ በሌላው 24 ሰዓት ብትሠራ ግን ድምሩ 48 ሆኖ ሳለ አንዱም ኤጀንሲ ኦቨርታይም አይከፍላትም። ድካሟን የሚደምር ቀጣሪም የለም። የሁለት ሌሊት እንቅልፍ እንደጎደላት በሦስተኛው ቀን የምትገባበት ሆስፒታል በምን ያውቃል?

ከሁሉም የከፋው 1099 በሚባለው ቅጽ መከፈል ነው። ነርሷ የግል ተቋራጭ ተብላ ስትመዘገብ ቀጣሪ ሊጋራት የሚገባው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር በሙሉ፣ ማለትም 15.3 በመቶው፣ በእሷ ላይ ይወድቃል፤ ኦቨርታይም የለም፣ ሥራ ሲቋረጥ የሥራ አጥ ክፍያም አብዛኛውን ጊዜ የለም። በ2022 ቨርጂኒያ ኖርፎክ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ነርሶቹን በዚህ መንገድ የመዘገበ አንድ ኤጀንሲ ሕግ መጣሱን ወስኖ ያልከፈለውን ኦቨርታይም እንዲከፍል ፈርዶበታል፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2023 ፍርዱን አጽንቶታል። ሰዓት የሚመድብላት፣ ዋጋ የሚተምንላት፣ ሲያሻው የሚያግዳት ሌላ ሆኖ ሳለ ነርሷን ነጋዴ ማለት አያስኬድም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን ስደተኛዋን ይበልጥ ይጎዳል? ወጪዋ ቁርጥ ስለሆነ ነው። የቤት ኪራይ ቀን አያሳልፍም፤ አገር ቤት የሚጠብቁ ወንድምና እህቶች አሉ፤ እቁብም ቢሆን መዋጮውን ያጓደለን ሰው ሺፍቱ ስለተሰረዘበት አይምረውም። ወጪዋ ያልተቀነሰ፣ ገቢዋ ግን የሚዋዥቅ ሰው ስልክ በጮኸ ቁጥር «እሺ» ከማለት ሌላ ምርጫ የላትም። እሑድም፣ ሌሊትም፣ የበዓል ዋዜማም እሺ ነው።

በክፍሉ ውስጥም የኤጀንሲዋ ነርስ ወንበር ይለያል። ወደማታውቀው ክፍል ቀድማ የምትላከው እሷ ነች። የድንገተኛ መድኃኒት ጋሪው የት እንደሚቆም፣ ሌሊት የትኛው ሐኪም እንደሚጠራ ገና እየጠየቀች ሕመምተኞቿን ትረከባለች። ቅሬታ ቢነሳባት ሆስፒታሉ «እሷን አትላኩብን» ብሎ ስልክ ሊዘጋ ይችላል፤ ስሞታዋን የሚሰማ የሠራተኛ ማኅበር አብዛኛውን ጊዜ የላትም። ይህ የክብሯ ብቻ ሳይሆን የሕመምተኛው ደኅንነት ጉዳይም ነው።

ለኤጀንሲ የሚሟገቱ ሰዎች እውነት የላቸውም አልልም። ለማስተርስ የምትማር ነርስ ከመማሪያ ሰዓቷ ጋር የሚስማማ ሺፍት ታገኝበታለች። በባሏ ሥራ በኩል ኢንሹራንስ ያላት ወይም ቁጠባዋ ለጥቂት ወራት የሚበቃት ነርስ በእርግጥም ትጠቀማለች። እነዚህ ግን አንድ ነገር ይጋራሉ፤ ሺፍቱ ቢቀር ቤታቸው አይናጋም። የኤጀንሲ ሥራ መሠረት ላለው ጭማሪ ነው፤ መሠረቱ ራሱ ሲሆን ግን ይናዳል።

ስለዚህ ምክሬ ኤጀንሲን ራቁ አይደለም። መጀመሪያ ጥቅማጥቅም ያለው የቋሚ ሥራ፣ የሳምንቱን ግማሽ የሚያህልም ቢሆን፣ ይያዝ፤ ኤጀንሲው በላዩ ይጨመር። ሲወዳደርም በሰዓት ሳይሆን በዓመት ይወዳደር፤ ኢንሹራንሱ፣ የጡረታ መዋጮው፣ ያልተከፈለበት የሕመም ቀን፣ የተሰረዘው ሺፍት ሁሉ ከድምሩ ይግቡ። ከመፈረም በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ፤ ሺፍት ሲሰረዝ ምን ይከፈለኛል? የምመዘገበው በተቀጣሪ ቅጽ፣ በደብልዩ-2 ነው ወይስ በ1099? ውሉን ባቋርጥ የምከፍለው ቅጣት አለ? ኤጀንሲው ለእነዚህ በጽሑፍ ለመመለስ ከከበደው፣ ከፍ ያለው የሰዓት ክፍያ ማንን እንደሚጠቅም ያኔውኑ ታወቀ።