ቱሪስት ነሽ ወይስ አስተማሪ?

ባለፈው ቅዳሜ ከአሌክሳንድሪያ ተነስቼ ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ቤት ቡና ልጠጣ ሄድኩ። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ የእህቴ ልጅ ላፕቶፗን ይዛ መጣች።

«አክስቴ፣ ተሳካልኝ! አዲስ አበባ አንድ ዓመት ላስተምር ነው። ጎን ለጎን ደግሞ ጥናቴን እሠራለሁ።»

እልል አልኩ። ከዚያ ስክሪኑን አየሁት። የምትሞላው የቱሪስት ቪዛ ነበር።

«ቱሪስት ነሽ ወይስ አስተማሪ?» አልኳት።

«ይኼ በኢንተርኔት ቶሎ ያልቃል። ሌላውን እዚያ ስደርስ አስተካክላለሁ።»

ይህችን «አስተካክላለሁ» የምትል ቃል እኔ በደንብ አውቃታለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ወደ አሜሪካ የመጣሁት በተመራማሪነት፣ ጄ-1 በሚባለው ቪዛ ነው። ወጪዬን የሸፈነው መንግሥት ነበር። በመንግሥት ገንዘብ በዚህ ቪዛ የመጣ ሰው ሲጨርስ ሁለት ዓመት አገሩ ተመልሶ መኖር አለበት። ያንን ሳይፈጽም፣ ወይም ግዴታው በይፋ ሳይነሳለት፣ ኤች-1ቢ የተባለውን የሥራ ቪዛም ሆነ ግሪን ካርድ አያገኝም። ወረቀቴ ላይ ተጽፎ ነበር፤ እኔ ሳላነብ ፈረምኩ። የገባኝ ቋሚ የማስተማር ሥራ ሳገኝ ነው። ሁለቱን ዓመት አዲስ አበባ ቆየሁ፤ ሥራው ግን አልጠበቀኝም።

ይህን ነግሬያት ቡናው እስኪፈላ አብረን ቁጭ አልን። የቱሪስት ቪዛ ለጎብኚ ነው፤ ዓመት ሙሉ ክፍል ገብቶ ለሚያስተምር ሰው አይሆንም። አብራት የምትሄድ አሜሪካዊት ጓደኛ አለቻት። የጓደኛዋ መንገድ ረጅም ነው። የሚቀጥራት ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ይጽፍላትና የሥራ ቪዛ ታወጣለች፤ ስትደርስ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሥራ ፈቃድ፣ ከኢሚግሬሽን ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ ትወስዳለች።

የእህቴ ልጅ ግን ሌላ በር አላት። አዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚባል ሕግ አለ (1994 በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጆቹ 2002)። ሕጉ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ይሰጣል። «ትውልደ ኢትዮጵያዊ» ማለት ዘሩ ከኢትዮጵያ ሆኖ የሌላ አገር ዜግነት ያለው ሰው ነው፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ማለት ነው። መታወቂያውን ሰው ሁሉ «ቢጫ ካርድ» ይለዋል። ቢጫ ካርድ ያለው ሰው ለመግባት ቪዛ፣ ለመኖር የመኖሪያ ፈቃድ፣ ለመቀጠር የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም፤ መከላከያ፣ ደኅንነትና ውጭ ጉዳይ ውስጥም አይቀጠርም።

ካርዱ ለጥናቱ ሁሉን በር አይከፍትም። ስድስት ኪሎ፣ በድሮው የኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ውስጥ ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የድሮ ጽሑፎችን ማየት ትፈልጋለች። ለዚያ የተቀባዩን ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ከአሁኑ እንድትጠይቅ ነገርኳት።

«ታዲያ ኢትዮጵያዊ ዘር እንዳለኝ በምን ያምኑኛል? በአማርኛዬ?» ብላ ሳቀች። አማርኛዋ እንኳን ጥሩ ነው፤ ግን ማስረጃ አይሆንም። ከወላጆቿ፣ ከአያቶቿ ወይም ከቅድመ አያቶቿ አንዱ ኢትዮጵያዊ እንደነበሩ የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋታል።

ሁለታችንም እህቴን አየናት።

«የድሮው ፓስፖርቴ? አሜሪካዊ ስሆን የጣልኩት መሰለኝ» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። አቦሉን ዝም ብለን ጠጣን። ቶናው ላይ እህቴ ተነስታ መኝታ ቤት ገባች፤ ሻንጣ ሲጎተት ይሰማናል። ስትመለስ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

ልጅቷ ገልጣ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። እናቷ ያኔ 23 ዓመቷ ነበር፤ የእሷ የአሁን ዕድሜ።

«እማዬ፣ ለምን ደበቅሽው?»

«አልደበቅሁትም። መጣል አቅቶኝ ነው» አለች እህቴ፣ በረካውን እየቀዳች።

ላፕቶፑ ተዘጋ። ሰኞ ጠዋት ኢንተርናሽናል ድራይቭ ወዳለው ኤምባሲያችን አብረን እንሄዳለን።