በገና ጨዋታ ባይቆጡም ይጠየቃሉ

ርእሰ አንቀጽ

ታኅሣሥ ገብቶ የጤፉ አጨዳ ሲያልቅ፣ በአምቦ፣ በጉደር፣ በግንጪ፣ በጌዶና በአዲስ ዓለም ዙሪያ ያለው ማሳ ለሁለት ወገን ይለቀቃል፤ አንዱ ከብት ነው፤ ሌላው የገና ተጫዋች ነው። ቆልማማ ዱላ ይቆረጣል፣ እሩር ይጠረባል፣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ልጅ ይለያል። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። በዓሉ አልፎ ዱላው ሲሰቀል የምላስ ጨዋታ ይጀመራል። «እገሌ እግሩን ባይመታ ኖሮ እናንተ ታሸንፉ ነበርን?» «እሩሩ ከወንዙ መቼ ተሻገረ?» «እናንተ ሠላሳ ሆናችሁ፣ እኛ ሃያ ሆነን!» ይህ ክርክር በየሻይ ቤቱና በየመኝታ ክፍሉ ሲካሄድ ይሰነብታል።

ይህን ክርክር የምንነቅፍ አይደለንም። ቲፎዞ የሌለው ጨዋታ ጨው የሌለው ወጥ ነውና። ነገር ግን ክርክሩን ረጋ ብሎ ያዳመጠ ሰው ሁለት ነገሮች ልብ ሊል ይገባዋል። የመጀመሪያው፣ ክርክሩ መቼም የማያልቅ መሆኑ ነው፤ ምክንያቱም የሰፈር ገና ነጥብ የሚጽፍለት፣ ወሰን የሚያሰምርለት፣ ተጫዋች የሚቆጥርለት ሰው የለውም። ሁለተኛው የባሰ ነው። «እገሌ እግሩን ባይመታ ኖሮ» ሲባል ሁሉም የሚያዝነው ለጠፋው ድል እንጂ ለተመታው እግር አይደለም። ማን መታው? እንዴት መታው? አሁንስ እንዴት ነው? ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። ቢገኝም አፉን የሚያስይዙበት መልስ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው ተረት ነው።

ዛሬ በዚህ አምድ ልንመረምር የፈለግነው ይህንኑ ተረት ነው።

ጨዋታው የቆየ መሆኑ የታወቀ ነው። አበው እንደሚተርኩት የክርስቶስን መወለድ የሰሙ እረኞች ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር ስለተጫወቱ ልማዱ ከዚያ ወረደ ይባላል። በእኛ አካባቢ በኦሮምኛ ቂሌ ይሉታል። ገና ቢሉት ቂሌ ቢሉት ጨዋታው በዱላና በእሩር፣ በሩጫና በትከሻ ነው። ስለ ስሙ የሚጣላ ቢኖር ከጨዋታው ዳር የቆመ ሰው ይሆናል፤ በመካከል ያለው ግን ዓይኑ እሩሩ ላይ ነው።

እንግዲህ ተረቱ ምን ማለቱ ነው? ባላባት በባላባትነቱ፣ ገባር በገባርነቱ በሚታወቅበት ዘመን፣ ገና ሁሉን በአንድ ሜዳ የሚያውል ቀን ነበር። ጌታው ከሎሌው ጋር ይሮጣል፤ ሎሌው የጌታውን ዱላ በዱላው ይመልሳል፤ የተሸነፈውም ወገን ማንም ይሁን ማን በአሸናፊዎቹ ግጥም ይሰደባል። ጌታው ይህን ሁሉ በሳቅ እንዲቀበል ልማዱ ያስገድደዋል። ተረቱ ለደካማው የተሰጠ ዋስትና ነበር ማለት ነው። ታችኛው ሰው ላይኛውን ሳይፈራ እንዲጫወት የሚያደርግ ደንብ ነበር። እንዲህ ያለውን ተረት ማክበር ይገባናል።

ዛሬ ግን ተረቱ ወገኑን ለውጦ እናገኘዋለን። ዋስትናው ከተመቺው ወደ መቺው ተዛውሯል። ዱላውን ከትከሻው በላይ አንሥቶ የጓደኛውን ቅልጥም ያገኘ ሰው «ገና ነው!» ብሎ ይሄዳል። ጌታ እንዳይቆጣ የተነገረው ቃል፣ ጕዳተኛ እንዳይናገር ማፈኛ ሆኗል። አለመቆጣት ማለት ግን አለመጠየቅ ማለት አይደለም።

የጕዳቱ ምክንያት ምሥጢር አይደለም። አንደኛ፣ የተጫዋቹ ቍጥር ወሰን የለውም፤ አርባ ዱላ በአንድ እሩር ላይ ሲረባረብ ከአርባው አንዱ እግር ማግኘቱ አይቀርም። ሁለተኛ፣ እሩሩ ከጠንካራ እንጨት ወይም ከሥር የተጠረበ ሲሆን ከመሬት የተነሣ ጊዜ ዓይንና ጥርስ አይለይም። ሦስተኛ፣ መሬቱ ራሱ ነው። የግንጪና የአካባቢው መረሬ በክረምት ጭቃ ሆኖ እግር ይይዛል፤ በበጋ ሲደርቅ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ሜዳውን አስቀድሞ ዞሮ የሚያይ አንድ ሰው ቢኖር ይህ ይቀንስ ነበር። አራተኛ፣ የተመታው ልጅ እንዳይወጣ ወገኖቹ ይይዙታል፤ እርሱም ፈሪ እንዳይባል እያነከሰ ይቀራል።

ከጕዳቱ በኋላ የሚደረገውም ሊታሰብበት ይገባል። ወጌሻዎቻችን የወለቀ በመመለስና የተሰበረ በማሰር ሕዝባችንን ለብዙ ዘመን ያገለገሉ ናቸው፤ ሙያቸውን አንንቅም። ሆኖም የተሰበረ እግር በቀርከሃና በጨርቅ ከልክ በላይ ጠብቆ ሲታሰር ደም ወደ ታች መውረድ ያቅተዋል፤ ሥጋው ይሞታል፤ ነገሩም እግሩን እስከ መቍረጥ ሊደርስ ይችላል። ጣቶቹ የቀዘቀዙ፣ የደነዘዙ ወይም የጠቈሩ ሰው እሥራቱ ወዲያውኑ ተፈትቶለት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። ራሱን ተመትቶ የዞረበት፣ ያስመለሰው ወይም የሆነውን የረሳ ሰው በዚያ ቀን ወደ ሜዳ ሊመለስ አይገባውም። የወለቀ ጥርስም ከሥሩ ሳይነካ በወተት ተነክሮ በፍጥነት ለጥርስ ሐኪም ቢደርስ ተመልሶ ሊተከል ይችላል። ይህን ሁሉ ማወቅ ከባድ ትምህርት አይደለም። በዩኒቨርሲቲያችንም የሕክምና ተማሪዎችና ሪፈራል ሆስፒታል አሉን። ሐኪም በቅርብ ሳለ ልጅ በጨርቅ ታስሮ ሲያድር ዝም ማለት አይገባንም።

አንዳንድ ወንድሞቻችን ይህን ሲሰሙ «ደንብ ከገባበት ገናነቱ ይቀራል፤ እንደ ኳስ ፉጨት ብቻ ይሆናል» ይላሉ። ሐሳባቸውን በቀላሉ የምንጥለው አይደለም፤ የጨዋታው ጣዕም ነጻነቱ መሆኑን እናውቃለንና። ነገር ግን የእኛን የመሰለ ጨዋታ ያላቸው ሌሎች ሕዝቦች ይህንኑ ጥያቄ ቀድመው ተከራክረውበታል።

አየርላንዶች ሀርሊንግ የሚሉት ጨዋታ አላቸው። እርሱም በቆልማማ ዱላና በትንሽ ኳስ፣ ቀድሞ መንደር ከመንደር የሚገጥምበት፣ ቍጥርና ወሰን የሌለው ጨዋታ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በደረሰባቸው ታላቅ ረኀብና ስደት ምክንያት በብዙ ስፍራ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 ማይክል ኪዩሳክ የተባለ መምህር ከጥቂት ሰዎች ጋር ተርልስ በምትባል ከተማ ተሰብስቦ ማኅበር አቋቋመ፤ ለጨዋታውም አንድ ደንብ ወጣለት። በአንድ ወገን 21 የነበረው የተጫዋች ቍጥር ኋላ ወደ 17፣ እ.ኤ.አ. በ1913 ደግሞ ወደ 15 ዝቅ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ፊትን የሚሸፍን የራስ መከላከያ ያላደረገ ሰው ሜዳ አይገባም። በዚህ ሁሉ ጨዋታው ሞተን? አልሞተም። ክሮክ ፓርክ የሚባለው ሜዳቸው ከ82 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2018 ሀርሊንግን በዓለም ሕዝቦች የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ጽፎታል። ጨዋታውን ከመጥፋት ያዳነው ደንቡ መሆኑን ልብ እንበል፤ ጀማሪውም እንደ መምህሮቻችን ያለ አስተማሪ መሆኑን እናስታውስ።

የቲፎዞውም ነገር ያስቀናል። እ.ኤ.አ. በ2025 በተደረገው የፍጻሜ ግጥሚያ ኮርክ እስከ ዕረፍት ድረስ በ6 ነጥብ ሲመራ ቆይቶ ከዕረፍት በኋላ 2 ነጥብ ብቻ አገባ፤ ቲፐራሪ በድምሩ 36 ለ 21 አሸነፈ። የኮርክ ሰው ይህን እስከ ልጅ ልጁ ሊከራከርበት ይችላል፤ ነገር ግን ቍጥሩን ማንም አይክድም። በመመልከቻውም የሁለቱ ወገን ደጋፊዎች በአጥር ሳይለዩ ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣሉ። ፉክክር ያለ ጥላቻ እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ገናን ከትግል፣ ከገበጣና ከፈረስ ጉግስ ጋር የተጻፈ ደንብ አውጥቶለት በሀገር አቀፍ ውድድሮች ክልሎችን ሲያወዳድርበት ቈይቷል። እንግዲህ ደንብ የለም የሚያሰኝ ነገር የለም፤ የጎደለው ደንቡን ከውድድር ሜዳ ወደ ሰፈር ሜዳና ወደ ግቢያችን የሚያወርድ ሰው ነው።

ስለ ፉክክር ካነሣን ደግሞ ሌላ የማንሸሽገው ነገር አለ። በዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ከሀገሪቱ ከየማዕዘኑ የመጡ ተማሪዎች አሉ። በ2010 ዓ.ም. በወልድያና በመቀሌ የእግር ኳስ ክለቦች ግጥሚያ ምክንያት የተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ማጥፋቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። የዚያ ነገር ጥፋት የኳሱ አልነበረም፤ ቡድን ማለት ዘር ማለት ነው ብሎ የመጣው ሰው ነው። ከኳስ ይልቅ ዱላ በእጅ በሚያዝበት ጨዋታ ይህ አስተሳሰብ ቢገባ መጨረሻውን ማሰብ ያስፈራል። ስለዚህ ወገን የምንለይ ከሆነ በግቢ፣ በትምህርት ክፍልና በዓመት እንለይ፤ በቋንቋና በትውልድ ቦታ ግን ከቶ አንለይ። የድሮዎቹ «ላይ ሰፈር» እና «ታች ሰፈር» ብለው መለየታቸው ጥበብ ነበረው፤ የላይ ሰፈር ልጅ ነገ ታች ሰፈር ቤት ሊሠራ ይችላልና።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበርና ለመምህሮቻችን የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የዋናው ግቢ፣ የአዋሮ፣ የጉደርና የወሊሶ ተማሪዎች በገና ሰሞን የሚገናኙበት ዓመታዊ ግጥሚያ ይመሥረት፤ በሁለቱም ወገን የተጫዋቹ ቍጥር እኩል ይሁን፤ ሜዳውም ተመርምሮ ወሰኑ በኖራ ይሠመር።

ሁለተኛ፣ ዱላ ከትከሻ በላይ አይነሣ፤ እሩሩም ከእንጨት ይልቅ ከተጠቀለለ ቆዳ ይሠራ፤ የእግር ኳስ ተጫዋቾች የሚያደርጉት የቅልጥም መከላከያ ለሁሉም ይሰጥ።

ሦስተኛ፣ ሁለት ዳኞች ይቁሙ፤ የሕክምና ተማሪዎችም ፋሻቸውን ይዘው ከሜዳው ዳር ይገኙ። የተጐዳን ሰው ከሜዳ የማስወጣት ሥልጣን የእነርሱ እንጂ የቡድኑ መሪ አይሁን።

አራተኛ፣ አንድ ደብተር ይከፈት። ነጥቡ፣ የተጫዋቹ ስም፣ የተጐዳው ሰውና የጕዳቱ ምክንያት ይጻፍበት። በሚመጣው ዓመት ስንከራከር በወሬ ሳይሆን በጽሑፍ እንከራከር፤ ጕዳቱ ከየትኛው ጥፋት እንደሚበዛም ደብተሩ ይንገረን።

አምስተኛ፣ እኅቶቻችን ከዳር ሆነው እልል እንዲሉ ብቻ አይጠሩ። የአየርላንድ ሴቶች ካሞጊ ለሚሉት የራሳቸው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1904 ማኅበር አቁመዋል፤ የእኛዎቹ ሴቶች ተማሪዎች የሚያንሱበት ምክንያት አይታየንም።

ለዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ኖራ፣ ፋሻ፣ ደብተርና ፈቃደኛ ሰው ይበቃል። የስድብ ግጥሙም አይቅር፤ ዜማው፣ ጭፈራው፣ የተሸናፊው አንገት መድፋት ሁሉ እንዳለ ይቈይ። እኛ የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቋንቋችን «መጠየቅ» ለሚለው ቃል ሁለት ፍቺ ሰጥቶታል። አንዱ ላደረጉት ነገር መልስ መስጠት ነው፤ ሌላው የታመመን ሰው ሄዶ ማየት ነው። የገና ተጫዋች በሁለቱም ይጠየቅ። የመታ ሰው እንዴት እንደመታ ለዳኛው ይመልስ፤ በማግሥቱም ብርቱካኑን ይዞ የመታውን ጓደኛውን ይጠይቅ። ቲፎዞውም «ባይመታ ኖሮ» ከማለቱ በፊት «እንዴት አደረ?» ማለትን ይልመድ።

ያን ጊዜ በገና ጨዋታ በእውነት የሚቆጣ ጌታ አይኖርም፤ የሚያስቆጣ ነገር አይኖርምና።