ሙጫ ሰውነት ውስጥ አይታመንም

መስታወትና ፕላስቲክ በሙጫ ይጣበቃሉ። ዕቃው የሚቀበረው ሰው ሰውነት ውስጥ ከሆነ ግን ሙጫ አይታመንም፤ እርጥበት ያላላዋል፣ ኬሚካሉም ወደ ሥጋ ሊሰርግ ይችላል።

ዲትሮይት ያለው የዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሞከሩት መንገድ ይሻላል። መስታወቱን በስሱ ቲታኒየም ይለብጡታል፤ ፖሊይሚድ የሚባለውን ፕላስቲክ ይደርቡበታል። የሌዘሩ ጨረር አልፎ ብረቱ ላይ ሲያርፍ ሙቀቱ እዚያችው ቦታ ይቀራል፤ ብረቱና ፕላስቲኩ ይተሳሰራሉ። አጠገቡ ያለው ስስ ኤሌክትሮኒክስ አይጎዳም። ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው!

ሆኖም «ጠንካራ ነው» ለማለት አይቸኮል። ደረቅ ሳለ ተጎትቶ አልላቀቅ ማለቱ ብቻውን ምን ይፈይዳል? ሰውነት ደረቅ አይደለም። አምራች ነኝ ባይ ሁሉ መጠየቅ ያለበት ተዘፍዝፎ ከከረመ በኋላ የተለካውን ጥንካሬ ነው። ተመራማሪዎቹም ይህን አልዘለሉትም፤ የአንጎልን ፈሳሽ አስመስለው በሠሩት ውሃ ዘፍዝፈው ፈትነውታል።