ድንበር ሲለወጥ ቁጥርም ይለወጥ



የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዓለምን ለስታቲስቲክስ ሥራ የከፋፈለበትን ሰንጠረዥ ስመለከት ያገኘሁትን ነገር ለአንባቢያን ለማካፈል ስለ ወደድሁ፣ ይህችን አጭር ጽሑፍ በአምድዎ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ፡፡

በዚህ ሰንጠረዥ አገራችን ከዛምቢያና ከዚምባቡዌ ጋር በ«ምሥራቅ አፍሪካ» ስትመደብ ጎረቤታችን ሱዳን ከሞሮኮ ጋር በ«ሰሜን አፍሪካ» ትገኛለች፡፡ የአፍሪካ ኅብረት ደግሞ ያችኑ ሱዳን ከእኛ ጋር በምሥራቅ ያስቀምጣታል፡፡ የመተማ ነጋዴ ይህን ቢሰማ መሳቁ አይቀርም፡፡ ሆኖም ድርጅቱ አከፋፈሉ ለሥራ አመቺነት ብቻ መሆኑን አስቀድሞ ስላስታወቀ አልነቅፈውም፡፡

እኔን ደስ ያሰኘኝ ሌላው ሥርዓቱ ነው፡፡ ለያንዳንዱ አገር ባለ ሦስት አኃዝ መለያ ቁጥር አለው፡፡ አገር ስሙን ብቻ ቢለውጥ ቁጥሩ አይነካም፤ የላይኛው ቮልታ ቡርኪና ፋሶ ከተባለች በኋላም ያው 854 ናት፡፡ ግዛት ሲለወጥ ግን ቁጥሩም ይለወጣል፡፡ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ስትለይ የኢትዮጵያ ቁጥር ከ230 ወደ 231 ተዛወረ፡፡ ስለዚህ መዝገቡን የሚገልጥ ሰው የፊተኛውን ግዛት ከኋለኛው አያምታታም፡፡

በእኛ ዘንድስ? እኔ የሐይቅ ተወላጅ ነኝ፡፡ በ1976 ዓ.ም. የተቆጠርነው በወሎ ክፍለ ሀገር ነበር፤ በ1987ቱ ቆጠራ ግን በአማራ ክልል፣ በደቡብ ወሎ ዞን ሆንን፡፡ የቀድሞው ወሎ የቀረው መሬት ለሰሜን ወሎ፣ ለዋግ ኽምራ፣ ለኦሮሞ ዞን፣ ከዚያም አልፎ ለአፋርና ለትግራይ ተከፋፍሏል፡፡ ከዓመታት በፊት በማገለግልበት መሥሪያ ቤት ሁለቱን አኃዞች «ወሎ» በሚል አንድ ርእስ ጎን ለጎን አስቀምጦ «ሕዝቡ ቀንሷል» የሚል ረቂቅ ለፊርማ ቀርቦ አየሁ፡፡ ባመለክት «ይህማ ጥቃቅን ነገር ነው» ተባልሁ፡፡ የ1966ቱን ረኀብ ላየ አገር ግን ጥቃቅን አይደለም፤ የርዳታ እህልም ሆነ የጤና ጣቢያ በጀት የሚታሰበው በሰው ቁጥር ነውና፡፡

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እንኳ ጥንት ደሴት ነበር፡፡ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዞ በእግር ይገባበታል፤ ስሙ ግን አልተለወጠም፡፡ የድሮውን መጽሐፍ ብቻ ያነበበ እንግዳ ታንኳ ሲፈልግ ይውላል፡፡

ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ የሕዝብ ቆጠራ አልተደረገም፡፡ ቀጣዩ እስኪደረግ ድረስ እኛ ሪፖርት አዘጋጆች በየሰንጠረዡ ግርጌ «አኃዙ በዚህ ዓመት ወሰን የተሰበሰበ ነው» የሚል አንድ መስመር ብንጽፍ ምን ይከብደናል? ወረዳ ለሁለት ሲከፈልም የአሮጌው ቁጥር ለአንደኛው ልጅ ብቻ እንዳይወረስ አደራ እላለሁ፡፡

አንድ የሐይቅ ተወላጅ