ለጓደኛችን ስለ እምነታችን እንዴት እንንገረው?



በሶዶ ከተማም ሆነ በወላይታ ገጠር የምትኖሩ ልጆች የምታድጉት ከልዩ ልዩ የእምነት ቤተሰብ ከመጡ ልጆች ጋር ነው። በትምህርት ቤት አጠገባችሁ የሚቀመጠው ልጅ ፕሮቴስታንት ወይም ካቶሊክ ሊሆን ይችላል። በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ አያትና የልጅ ልጅ በእምነት የሚለያዩበት ጊዜ አለ። ስለዚህ አንድ ቀን «ይህን ክር ለምን አሰርህ?» ወይም «ረቡዕ ሥጋ የማትበዪው ለምንድን ነው?» ተብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። ያን ጊዜ ምን ትላላችሁ?

አንዳንድ ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ዝም ይላሉ፤ ማዕተባቸውንም በሸሚዛቸው ይሸፍናሉ። ሌሎች ደግሞ ይቆጣሉ፤ ይሳደባሉም። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ልክ አይደሉም። ዝም ያለው ልጅ ያለውን መልካም ነገር ከጓደኛው ደበቀ። የተሳደበውም ጓደኛው ዳግመኛ እንዳይጠይቀው በሩን ዘጋበት። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ (3፥15) ስለ ተስፋችን ለሚጠይቁን መልስ እንድናዘጋጅ፣ መልሱንም በየዋህነት እንድንሰጥ ያስተምረናል። ልብ በሉ፤ ዝግጅትና የዋህነት አብረው ታዘዙ።

ዝግጅት ማለት የምናደርገውን ነገር ምክንያት ማወቅ ነው። ማዕተብ በክርስቶስ ስም የተጠመቅን መሆናችንን የሚያስታውሰን ምልክት ነው። ረቡዕን የምንጾመው ጌታችን እንዲያዝ ምክር የተደረገበት ቀን ስለሆነ ነው፤ ዓርብን ደግሞ የተሰቀለበት ቀን ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለ አጭር መልስ ይበቃል። የማታውቁትን ቢጠይቋችሁ «መምህሬን ጠይቄ እነግርሃለሁ» በሉ። ይህ ሽንፈት አይደለም፤ ከራስ ፈጥሮ መናገር ግን ውሸት ነው።

ብዙዎቻችሁ አቡነ ዘበሰማያትን በግዕዝ በቃላችሁ ትደግማላችሁ፤ መልካም ነው። ግን ትርጉሙን ለጓደኛችሁ በወላይትኛ ማስረዳት ትችላላችሁን? በጰራቅሊጦስ ቀን ከየአገሩ የመጡት ሰዎች ሐዋርያት ሲናገሩ የሰሙት በየራሳቸው ቋንቋ ነበር (ሐዋ. 2)። እናንተም በእናታችሁ ቋንቋ መናገርን ተለማመዱ።

የዋህነትን ደግሞ ከአባቶቻችን እንማር። ፍሬምናጦስ በ4ኛው መቶ ዓመት ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት የገባው በልጅነቱ ተማርኮ ነው። በዚያ በታማኝነት አገለገለ፤ ሰዎችም አመኑት፤ ቃሉንም ሰሙት። በኋላ የአገራችን የመጀመሪያ ጳጳስ ሆኖ አባ ሰላማ ተባለ። በ13ኛው መቶ ዓመትም አቡነ ተክለ ሃይማኖት የዳሞትን ንጉሥ ሞቶሎሚን በብዙ ትዕግሥት አስተምረው እንዳጠመቁት ገድላቸው ይነግረናል። የሞቶሎሚን ስም ከወላይታ አያቶቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል።

እንግዲህ ልጆች፣ በፈተና ጊዜ ከጎረቤቱ የሚገለብጥ፣ በጨዋታ የሚያታልል ልጅ ስለ ክርስቶስ ቢናገር ማን ይሰማዋል? አስቀድሞ ሥራችን ይናገር። ጓደኛችሁ ከፈለገና ወላጆቹ ከፈቀዱለት፣ ፊልጶስ ናትናኤልን መጥቶ እንዲያይ እንደጋበዘው (ዮሐ. 1)፣ በጥምቀት በዓል ታቦቱ ሲወርድ አብሯችሁ እንዲያይ ጋብዙት። እምቢ ቢል አትኩረፉ፤ ጓደኝነታችሁንም አታቋርጡ። በስጦታ አታባብሉት። የቤተሰቡን እምነት አታንቋሹ፤ እናትና አባቱን የሰደበበትን ሰው ማንም አይሰማም። ልብን የሚከፍት እግዚአብሔር ነው፤ የእኛ ድርሻ እውነትን በፍቅር መናገር ነው።

በወላይትኛ «ሳሮ» ማለት ሰላም ማለት ነው። ስለ እምነታችን የምንናገረውም በሰላም ይጀመር፤ በሰላምም ይፈጸም።

የመልመጃ ጥያቄዎች
1. ረቡዕና ዓርብን ለምን እንጾማለን?
2. መልሱን የማታውቁት ጥያቄ ሲቀርብላችሁ ምን ትላላችሁ?
3. የአቡነ ዘበሰማያትን ትርጉም በወላይትኛ ለቤተሰባችሁ ተናገሩ።