ካሜራው ይቆየን፣ ፎቶው ይታተም

እ.ኤ.አ. በ1975 የኮዳኩ ኢንጂነር ስቲቨን ሳሰን የሠራው ዲጂታል ካሜራ 3.6 ኪሎ ይመዝን ነበር። 10,000 ፒክስል ብቻ ያላትን አንዲት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበታል። በ2003 ካነን 300ዲ 6.3 ሜጋፒክስል ይዞ ከ1,000 ዶላር በታች ገበያ ወጣ። ከዚያማ ፎቶ ወዳዱ ሁሉ ሩጫ ላይ ነው፤ ስምንት፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት…

የፎቶዎቹስ ነገር? ብለን እንጠይቃለን። አምስተኛ ካሜራውን የሚያሳየን ወዳጃችን በመጀመሪያው ያነሳውን አንድ ፎቶ ማሳየት ካቃተው ምን ተረፈው? ሚሞሪ ካርዱ ጠፍቷል፣ ሲዲው ተጫጭሯል፣ ሃርድ ዲስኩ አልነሳም ብሏል። የእናቶቻችን አልበም ግን ዛሬም እንግዳ ሲመጣ ከቁም ሳጥን ይወጣል።

ደግሞም 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ፎቶ አጥርቶ ለማተም ሁለት ሜጋፒክስል ገደማ ይበቃል። ይህን የዛሬ ሃያ ዓመት ካሜራም ያደርገዋል! ስለዚህ ለአዲሱ ሌንስ ከተጠራቀመው ብር ላይ ትንሽ ይቀነስና ሃያ ፎቶ ይታተም እንላለን፤ የቀረውም ሁለት ቦታ ይገልበጥ። ካሜራ ሲያረጅ ይረክሳል። ፎቶ ግን ሲያረጅ ነው የሚወደደው።